ዐለት መውጣትና ዳንስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለቱንም እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ዐለት መውጣትና ዳንስን ምን አገናኛቸው?

ክብደት። ዳንሰኛ አንድ እግሩን ከመሬት ከማንሳቱ በፊት ክብደቱን ወደ ሌላኛው እግሩ ማሻገር አለበት። ካላሻገረ እግሩ አይነሳለትም፤ ቢነሳም ይንገዳገዳል። ዐለት ላይም እንዲሁ ነው። ቀኝ እግሬን ከፍ ወዳለ መርገጫ ማድረስ ስፈልግ መጀመሪያ ዳሌዬን ወደ ግራ እወስዳለሁ። ዳሌዬ ቦታውን ሲይዝ ቀኝ እግሬ ቀልሎኝ ይነሳል።

ከሩቅ የሚያይ ሰው ዐለት መውጣት መሰላል እንደመውጣት ይመስለዋል። እጅ፣ እግር፣ እጅ፣ እግር። ጎበዞቹን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ወገባቸው ነው። እጅና እግር ተከትለው ይመጣሉ። ታንጎ የተማረ ሰው ይህን ስነግረው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ዳንስ የሚችል ሰው ዐለት መውጣት ይቀለዋል?

አጀማመሩ ይቀለዋል። ዳንሰኛ እግሩ የት እንዳለ ሳያይ ያውቃል። አንድ እንቅስቃሴ ሲያሳዩት በራሱ ሰውነት ላይ ቶሎ ይደግመዋል። በአንድ እግር መቆም አያስጨንቀውም። እነዚህን ሌላው ሰው ለመልመድ ወራት ይፈጁበታል።

ዳንስ የማይሰጠው ነገር የጣት ጥንካሬ ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለኝ። ጅማት ከጡንቻ በጣም በዝግታ ነው የሚጠነክረው። ዳንሰኞች ቴክኒኩን ቶሎ ስለሚይዙት ጣታቸው ገና ሳይዘጋጅ ከባድ መስመሮች (ከሥር እስከ ጫፍ የሚወጣባቸው መንገዶች) ላይ ይደርሳሉ። ጉዳቱም የሚመጣው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቃቅን መያዣዎችን አታሳድዱ። ትልልቅ መያዣ ባላቸው መስመሮች ላይ ብዙ ውጡ።

ክንዴ ደካማ ነው። ጡንቻ ሳላወጣ መጀመር እችላለሁ?

በደንብ ትችላላችሁ። ጀማሪን ቶሎ የሚያደክመው ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ መጨበጥ ነው። ሰው ሲፈራ መያዣውን አንቆ ይይዛል። አጥብቆ የተኮማተረ ጡንቻ ደግሞ በውስጡ ያሉትን የደም ሥሮች ይጫናቸዋል። ደም እንደልብ አይዘዋወርም፣ ክንድ ይወጠራል፣ ጣቶች አንታዘዝም ይላሉ።

የዳንስ አስተማሪ ለጀማሪ ቶሎ ቶሎ የሚለው «ትከሻህን ልቀቀው» ነው። ዐለት ላይም የሚሠራው ይኸው ምክር ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ተንጠልጠሉ። ዳሌያችሁን ወደ ግድግዳው (ዐለቱም ይሁን ለመለማመጃ የተሠራው) አስጠጉ። ከዚያ በእግር ግፉ። ዳሌ ከግድግዳው በራቀ ቁጥር ክብደታችን ወደ ኋላ ይጎትተናል፤ ያንን የሚሸከሙት ጣቶቻችን ናቸው። ሲጠጋ ሸክሙ ወደ እግር ይወርዳል። አንዱን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሮ መቆም ደግሞ የበለጠ ያስጠጋል። ይህችን መዞር ዳንሰኞች ማንም ሳይነግራቸው ሲያደርጓት አይቻለሁ።

ዐለት ወጪዎች አንድ እግራቸውን ምንም ሳያስረግጡ ወደ ጎን ዘርግተው የሚተዉት ለውበት ነው?

ለሚዛን ነው። ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ብቻ ግድግዳው ላይ ሲሆኑ ሰውነት በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር ወደ ውጭ ይከፈታል። ይህን ለማስቆም ነጻውን እግር ከቆመው እግር በስተኋላ አሳልፎ መዘርጋት ነው። የተዘረጋው እግር በሚዛን ላይ እንደተጨመረ ክብደት ይሆናል።

ባሌት ውስጥ አራቤስክ የሚባለው አቋቋም በዚሁ ሕግ የሚሠራ ነው። አንዱ እግር ወደ ኋላ ሲዘረጋ ደረት ወደ ፊት ይሄዳል፣ መሐሉ ላይ የቆመው እግር ሁለቱንም ይሸከማል። ዐይናችን ይህን ሲያይ «ያምራል» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ያማረን ልኩን የጠበቀ ሚዛን ስላየን ነው።

ሙዚቃ በሌለበት ምቱ ከየት ይመጣል?

ከትንፋሽ ይጀምራል። ጀማሪ ከባድ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሽ ሲያዝ ሰውነት ይደርቃል፣ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ልምድ ያለው ሰው ከእያንዳንዱ ትልቅ እንቅስቃሴ ጋር ሲያስተነፍስ ትሰሙታላችሁ። ሁለተኛው የምት ምንጭ መስመሩ ራሱ ነው። አንዳንዱ ቦታ «ቶሎ እለፈኝ» ይላል፤ ሌላው ቦታ ላይ ቆሞ ክንድን አራግፎ ማረፍ ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ፍጥነት የሚወጣ ሰው፣ ዘፈኑ ሲቀየር እሱ እንደማይቀየር ዳንሰኛ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። ሰውነት ወደ ላይ ተወንጭፎ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። መውጣቱ አብቅቷል፣ መውረዱ አልጀመረም። እጅ መያዣውን በዚያች ቅጽበት ካገኘው ሳይታገል ያርፍበታል። ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ሙሉ ክብደቱ ከጣቱ ጋር ግብግብ ይገጥማል። ዳንሰኛም ዝላዩ ጫፍ ላይ ያችኑ ቅጽበት ይጠቀምባታል። እዚያ ላይ እጆቹንና እግሮቹን ከፍ ሲያደርግ የክብደቱ ማዕከል በሰውነቱ ውስጥ ወደ ላይ ይሸሻል። ጭንቅላቱ ከፍታውን ጠብቆ ስለሚቆይ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለናል።

የዐለት መውጫ ጫማ በጣም የሚያጠብቅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከመንገድ ጫማ የጠበቀ ነው። ክብደት አውራ ጣት ላይ እንዲሰበሰብ ጣቶችን ወደ ፊት ይሰበስባቸዋል። የባሌት የጫፍ ጫማም ሙሉ ሰውነትን በጣቶች ጫፍ ላይ ለማቆም የተሠራ ነው። ለጀማሪ ግን ሥቃይ አያስፈልግም። ጣት ጫፉን ነክቶ ሳያምም የሚቀመጥበት ልክ ይበቃል።

ከመውጣታቸው በፊት መሬት ላይ ቆመው እጃቸውን የሚያወዛውዙት ምን ሆነው ነው?

መስመሩን እየወጡት ነው። ከታች ሆነው መያዣዎቹን እያዩ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በእጃቸው ይሠሩታል። ቀኝ እዚህ፣ ግራ እዚያ፣ እዚህ ላይ መዞር፣ እዚህ ላይ መተንፈስ። ትልቅ ውድድር ላይ ይህ በሕግ የተፈቀደ ጊዜ አለው። በገመድ በሚወጣው የሊድ ውድድር ተወዳዳሪዎቹ ከተለዩበት ክፍል ይወጡና መስመሩን አብረው 6 ደቂቃ ያዩታል። ከዚያ ተመልሰው ይገባሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዲያይ አይፈቀድለትም። በእነዚያ ደቂቃዎች ግድግዳው ሥር ያለውን ለሚያይ፣ ብዙ ሰው ድምፅ በሌለው ሙዚቃ የሚደንስ ይመስላል።

ዳንሰኞችም ከመድረክ ጀርባ ይህንኑ ያደርጋሉ። ሙሉውን ዳንስ በሙሉ ጉልበት አይደግሙትም። ዝላዩን በእጅ ምልክት፣ ዙሩን በጣት ክብ ያልፉታል። ጉልበት ይቆጥባሉ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ሰውነታቸው ውስጥ ያስገቡታል።

ሳይንሱም የሚያስደስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ልምድ ያላቸውንና ጀማሪ ዐለት ወጪዎችን ሦስት መስመሮች አሳይቶ መያዣዎቹን በቃላቸው እንዲያስታውሱ ጠየቃቸው። አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ለማንም የማይወጣ ነበር። በቀላሉና በማይወጣው መስመር ላይ ሁለቱ ቡድኖች ተመሳሳይ ነበሩ። ልምድ ያላቸው የበለጡት በከባዱ መስመር ላይ ነው። ያ መስመር እነሱ ሊወጡት የሚችሉት፣ ጀማሪዎቹ ግን የማይችሉት ነበር። ያስታወሱት በዐይናቸው ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ በሐሳባቸው ወጥተውታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት የባሌትና የካፖዌራ (ዳንስ መሰል የብራዚል የትግል ጥበብ) ባለሙያዎችን አእምሮ በምስል ተመልክቶ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ራሱ የሠለጠነበትን እንቅስቃሴ ሲያይ እንቅስቃሴን የሚመለከተው የአእምሮው ክፍል ይበልጥ ይነቃ ነበር። ሰው የሚያውቀውን እንቅስቃሴ ሲያይ ቁጭ ብሎም ቢሆን በከፊል ይሠራዋል።

ስለዚህ እጃችሁን ለማወዛወዝ አትፈሩ። ጀማሪዎች ሰው ያየናል ብለው ይተዉታል፣ ከዚያ መሐል መንገድ ላይ እጃቸው ይጠላለፋል።

ገመድ የሚይዘው ሰው እንደ ዳንስ አጣማሪ ነው?

በጣም። ጥሩ ገመድ ያዥ የሚወጣውን ሰው ሰውነት ያነባል። ገመድ ሊስብ ሲል ቀድሞ ይለቅለታል፣ ሲያመነታ ያስተውላል፣ ሲወድቅ በለሰለሰ መንገድ ይይዘዋል። ቃል ሳይለዋወጡ ነው ብዙው የሚያልፈው። ጥንድ ዳንስ ላይ መሪውና ተከታዩ በክንድ መነካካት የሚነጋገሩትን እነዚህ በገመድ ይነጋገሩታል።

አንድ ነገር ግን ከዳንስ ይለያል። እዚህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ከመሬት ከመነሳታችሁ በፊት አንዳችሁ የሌላችሁን ቋጠሮና ማሰሪያ ፈትሹ፤ ሁልጊዜ፣ ሃያ ዓመት አብራችሁ የወጣችሁ ብትሆኑም። ገመድ አያያዝን ደግሞ ከሠለጠነ ሰው በአካል ተማሩት፣ ከቪዲዮ አይደለም።

አጭር ነኝ። መያዣው የማይደረስበት ሲሆን ምን ላድርግ?

የራሳችሁን ዳንስ ፍጠሩ። አሜሪካዊቷ ዐለት ወጪ ሊን ሂል ቁመቷ 1 ሜትር ከ57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በልጅነቷ ጂምናስቲክ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊፎርኒያ፣ ዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ዘ ኖዝ የተባለ መስመር ገመዱን ለመውደቅ መከላከያ ብቻ ተጠቅማ፣ በእጅና በእግሯ ከማንም ቀድማ ወጣችው። 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ነው። በዓመቱ ተመልሳ በአንድ ቀን ውስጥ ደገመችው። ከባዱ ቦታ ላይ የሚያዝ ነገር ስላልነበረ፣ ሰውነቷን እየጠማዘዘች በማዕዘኑ ሁለት ግድግዳዎች ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፋች አለፈችው።

ረጅም ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሚያልፈውን አጭር ሰው እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ዳሌውን አዙሮ ወይም ዘሎ ያልፈዋል። በጠበበ ቦታ መታጠፍ ሲመጣ ደግሞ ረጅሙ ይቸገራል። የሰው መንገድ አልሆን ሲላችሁ የራሳችሁ ገና አልተገኘም ማለት ነው።

እግሬ ብቻውን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ምንድን ነው?

ሁሉም ሰው ያለፈበት ነው። ስምም ወጥቶለታል። «የኤልቪስ እግር» ይሉታል፣ እግሩን እያንቀጠቀጠ በሚደንሰው በዘፋኙ በኤልቪስ ፕሬስሊ ስም። «የስፌት መኪና እግር» የሚሉትም አሉ። የሚመጣው ባት ሲደክምና ፍርሃት ሲጨመርበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተረከዝ በጣም ከፍ ብሎ ይገኛል።

ተረከዛችሁን ዝቅ አድርጉት፣ ረጅም ትንፋሽ አውጡ፣ ክብደታችሁን ለአፍታ ወደ ሌላኛው እግር አሻግሩ። ይቆማል። ዳንሰኛ በእግር ጣቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማውን ስለሚያውቅ አይደነግጥም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ድንጋጤው ነው ሰውን የሚጥለው።

ከዳንስ ትምህርት ወደ ግድግዳው ምን ልውሰድ?

መድገምን። ዳንሰኛ አንዲትን እንቅስቃሴ መቶ ጊዜ ይሠራል፣ መቻሉ ከተረጋገጠ በኋላም። ዐለት ወጪ አንዴ ከወጣው ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ይህ ትልቁ ስሕተታችን ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቀላል መስመር ምረጡ። መጀመሪያ እግራችሁ ግድግዳውን ሲነካ ድምፅ ሳያሰማ ውጡት። ቀጥሎ በጣም በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት፣ በመጨረሻ ሳትቆሙ እንደ አንድ እንቅስቃሴ አድርጋችሁ። በአራተኛው ላይ እግራችሁ የሚያርፍበትን ሳትፈልጉት ታገኙታላችሁ።

ጋደም ያለ ግድግዳ ካገኛችሁ ከመሬት ብዙም ሳትርቁ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ በእግር ብቻ ሞክሩ። ክብደት ማሻገር ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር አላገኘሁም።

ዐለት መውጣት በቃል እንደተጠና ዳንስ ነው ወይስ እዚያው እንደሚፈጠር?

ሁለቱም አለ። ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን እንይ። በፍጥነት መውጣት ውድድር ግድግዳው 15 ሜትር ነው፣ መያዣዎቹም በየትኛውም የዓለም ውድድር በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚደረደሩት። ተወዳዳሪው ያንኑ እንቅስቃሴ ለዓመታት ያጠናል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ሳም ዋትሰን በ4.74 ሰከንድ ጨርሶታል። በዚያ ፍጥነት ማሰብ የለም፤ የተጠናው ነው የሚፈስሰው። አሜሪካዊው ዐለት ወጪ አሌክስ ሆኖልድም በጁን 2017 ዘ ኖዝ ያለበትን ገደል፣ ኤል ካፒታንን፣ ያለ ገመድ ከመውጣቱ በፊት መስመሩን በገመድ ደጋግሞ አጥንቶት ነበር። ከባዶቹን ቦታዎች እጅ በእጅ፣ እግር በእግር በቃሉ ይዟቸው ነበር።

በሌላው ጫፍ ያለው ማንም ሳይነግራችሁ፣ አይታችሁት የማታውቁትን መስመር በመጀመሪያ ሙከራ መውጣት ነው። ይህ ከማታውቁት ሰው ጋር፣ በማታውቁት ዘፈን እንደመደነስ ነው። የለመዳችሁት እርምጃ አለ፤ የትኛው መቼ እንደሚያስፈልግ ግን እዚያው ነው የሚታወቀው።

ሁለቱን አንድ ላይ የሠራ አለ?

አለ፣ የግድግዳ ዳንስ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1970 ኮሪዮግራፈሯ (የዳንስ አቀናባሪዋ) ትሪሻ ብራውን ኒው ዮርክ ውስጥ አንድን ሰው በገመድ አስራ በሕንጻ ግድግዳ ላይ ቁልቁል እንዲራመድ አደረገች። ሰውየው መሬት ላይ እንደሚራመድ ሁሉ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። በ1991 ደግሞ ዳንሰኛም ዐለት ወጪም የሆነችው አሚሊያ ሩዶልፍ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባንዳሉፕን መሠረተች። ቡድኑ በገመድ ተንጠልጥሎ በገደልና በረጃጅም ሕንጻዎች ላይ ይደንሳል። ፈረንሳዊው አንትዋን ለ ሜኔስትሬል በ1980ዎቹ ከታወቁት ዐለት ወጪዎች አንዱ ነበር፤ በኋላ ሕንጻዎችን እየወጣ የሚደንስ አርቲስት ሆነ።

መመሳሰላቸው የት ላይ ያበቃል?

ፊታችንን የምናዞርበት ላይ። ዳንሰኛ ለሚያየው ሰው የሚለው ነገር አለው። ሐዘን፣ ደስታ፣ ፍቅር። ዐለት ወጪ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ነው የሚሠራው። የሚያናግረው ድንጋዩን ነው። ደግሞም ዳንሰኛ እርምጃውን መለወጥ ይችላል፤ እኛ ግን መያዣው ያለበት ቦታ ላይ መድረስ ግድ ነው። ዐለቱ እኛን አይከተልም።

ውድድሩም ይህን ያሳያል። ብሬኪንግ የሚባለው የጎዳና ዳንስ ፓሪስ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ ዳኞች ቴክኒክን፣ የእንቅስቃሴ ብዛትን፣ አፈጻጸምን፣ ከሙዚቃ ጋር መዋሃድንና አዲስነትን ይመዝኑ ነበር። ዐለት መውጣት ከቶኪዮ ጀምሮ ኦሊምፒክ ላይ ሲኖር የሚቆጠረው የደረሱበት ከፍታ፣ የፈጀው ሙከራ ወይም ሰዓት ነው። ላማረ አወጣጥ ነጥብ የለም።

እንግዲያው እየተንፈራገጠ የወጣ ሰውም ወጥቷል ማለት ነው?

ወጥቷል። በሕጉ ይህ አያከራክርም። ከባድ መስመር ላይ ጥርስ ነክሶ፣ ጮኾ፣ እግር ተንጠልጥሎ መጨረስ ያለ ነው፣ እኔም በዚያ መንገድ የጨረስኳቸው አሉ። ደስታውም እውነተኛ ደስታ ነው።

ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ወደዚያው መስመር እመለሳለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንቄ የያዝኩትን መያዣ በሦስት ጣት እሞክረዋለሁ። የተወረወርኩበትን ቦታ በዳሌ መዞር አልፈው እንደሆነ አያለሁ። አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም። ሲሆን ግን ያ የታገልኩበት ቦታ ምን ሲጠይቀኝ እንደነበር ይገባኛል። ግራ እግሬ ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንድቆይ ብቻ ነበር የሚፈልገው።